በጥርስ የተያዘው ቅጠል

ከቤቴ ጓሮ አንድ የግራዋ ዛፍ አለ። እኔ አልተከልሁትም፤ ወፍ ጥሎት ይሁን ጎርፍ አምጥቶት እንጃ፣ ራሱ የበቀለ ነው። ልጆቼ ሲመጡ «ቤቱን አጨለመው፣ ምነው አይቆረጥም?» ይሉኛል። «ተዉት፣ ጋን ይታጠብበታል» እላቸዋለሁ። ጠላ ከጠመቅን ስንት ዘመናችን ነው! ባለፈው ክረምት ከልጅ ልጆቼ አንዷ ቅጠል ቀጥፋ፣ በጥርሷ ነክሳ ስትጫወት ባለቤቴ አየቻት። ባለቤቴ ቁጡ ሴት አይደለችም። ያን ዕለት ግን ተነሥታ ቅጠሉን ከልጅቱ አፍ ወሰደችና ወደ ጓዳ ገባች። እስከ ማታም አልወጣች። ልጆቹ «እማማን ምን ነካት?» ብለው ጠየቁኝ። «መራራ ነው፣ ልጅቱን እንዳያማት ፈርታ ነው» አልኋቸው።

አልነበረም። ምን እንደነበር ቀስ ብዬ ልናገር። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙ አላለፈም፤ ስጽፍም እንደማወራው ነው።

የባለቤቴ አባት መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ቤታቸው ከጎንደር ከተማ በላይ፣ ወደ ወገራ በሚያወጣው ዳገት፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር ነበር። ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ መድኃኒቱ መተዳደሪያቸው አልነበረም። ምች ለመታው ዳማከሴ ጨምቀው ያሹታል፤ ሆዱን ለቆረጠው ጤና አዳም ያስቀምሱታል፤ ደረቱን ላፈነው ከተራራው ጦስኝ ለቅመው ያፈሉለታል። «ይህንን ማንም ባልቴት ያውቀዋል» ይሉ ነበር ራሳቸውም። የሳቸው መድኃኒት ሌላ ነው፤ የወፍ በሽታ መድኃኒት። ዐይንን ቢጫ የሚያደርገውን፣ ሽንትን የሚያጠቁረውን በሽታ ነው እኛ የወፍ የምንለው። ለዚህ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሥር ነበር። የምን ሥር እንደሆነ ለሚስታቸውም አልተናገሩ። ሲደክሙ ለታላቅ ልጃቸው ሊያሳዩ፣ እስከዚያ ግን በልባቸው ሊይዙት፤ ደንቡ እንዲያ ነው።

ሥሩ ሕግ ነበረው። ዓርብ ጧት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እህል ውኃ ሳይቀመስ ይነቀላል። ከተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ በምትኩ ጥቂት እህል ይጣላል፤ ምድሪቱ ባዶ እጇን እንዳትቀር። ከዚያ ወዲያ ሥሩ ከበሽተኛው ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ መሬት አይነካም። የያዘው ሰው አፉን አይከፍትም፤ ወደ ኋላውም አይዞርም። መንገደኛ እንዳያናግረው አንድ ቅጠል በጥርሱ ይይዛል። ዳገቱ ላይ ቅጠል በጥርሱ የያዘ ሰው ሲመጣ ያየ ሁሉ ከመንገዱ ወርዶ፣ ፊቱን መልሶ ያሳልፈዋል። ቄስም ቢሆን ይወርዳል።

ይህን ሕግ የሚፈጽሙት ደግሞ ማን ሆኑና! በዚያ ዳገት እንደ አማቴ ወሬ የሚወድ ሰው አልተፈጠረም። አንድ መንገደኛ ካገኙ የላሙን ጤና ይጠይቃሉ፣ የጥጃዋን፣ ላሟ የተገዛችበትን ሰው፣ የዚያን ሰው አማች። ባለቤቴ ትስቅባቸው ነበር። «የአባዬ መድኃኒት ከበሽተኛው ይልቅ የሚያድነው ጎረቤቱን ነው፤ ለአንድ ጧት እንኳ ጆሮው ያርፋል» ትል ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ከከተማው ዳር፣ የደጋው ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ በሚወርድበት በኩል፣ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። የደርግ ዘመን ነው፤ ቀይ ሽብር የተባለው ክፉ ጊዜ። ጧት ከቤቱ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሬት መሬቱን ነበር፤ መንገዱ ላይ ምን እንደተጣለ አይታወቅማ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው የሚያወራው ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ነው። አፉን ከጆሮ አስጠግቶ የማን ልጅ እንደተወሰደ፣ የትኛዋ እናት እንዳታለቅስ እንደተከለከለች ይነግራል። ሞተሩን ሳጠፋው ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ዐይኑን ዱቄቱ ላይ ተክሎ፣ ስልቻውን ተሸክሞ ይወጣል። አንዳንድ ቀን እህሉ አልቆ ሳለ ሞተሩን ጥቂት አቆየው ነበር፤ የጀመሩትን እንዲጨርሱ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ፣ ወሯ እየገፋ ሳለ፣ በግንቦት መጨረሻ ምግብ ጠላች። ድካም መስሎን ተውነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበረች ደርባባ ሴት መጥታ እጅ ስትነሣ ፊቷን ትኩር ብላ አየቻትና፣ «ነይ እስቲ ወደ ብርሃን» ብላ ደጅ አወጣቻት። የዐይኗ ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ሴቲቱ ወደ እኔ ዞር ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። የመረመራት ሰው ደግ ነበር። «ለዚህ የምወጋት መርፌ የለኝም። ጉበቷ ነው የታመመው፤ ትረፍ፣ ስኳር በውኃ ትጠጣ፣ ቅባት አትንካ» አለ። ከዚያ እሷን አስቀድሞ አስወጥቶ እኔን ክንዴን ያዘኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን አልፈራም ነበር። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ይህ በሽታ ክፉ ነው። እንቅልፍ ከበዛባት፣ ነገር ከቀባዠረች አምጣት። ጠንከር በል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፏን ስጠብቅ ነው የከረምሁት። ተኝታ ስትቆይ እቀሰቅሳታለሁ፤ ስትነቃ ትቆጣኛለች፤ ስትቆጣ ደስ ይለኛል።

እህል ሊያስፈጩ በወረዱ ሰዎች ለአባቷ ላክሁ። ደረሱ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ገና ሳይቀመጡ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት።

«እስቲ ዐይንሽን። ኧረ ሸጋ! አደይ አበባ መስለሽ የለም እንዴ! መስከረም ሳይጠባ ማን ፍኪ አለሽ?»

«አባዬ፣ አታሹፍብኝ። መድኃኒቱን አመጣህ?»

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁ። አንቺ በሁለት ነፍስ ነሽ፤ የከረመ ሥር አይበቃሽም። እርጥቡን ነው።»

«እና ያን ሁሉ መንገድ አፍህን ዘግተህ ልትመጣ?»

«ለአንቺማ ለዓመትም እዘጋዋለሁ።»

«ዓመትማ ትሞታለህ» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ ብቻ ነው የነጣው።

ደጅ ወጣንና ፊታቸው ወደቀ። «ዘግይታችሁ ነው የላካችሁብኝ። ሐሙስ ወጥቼ ከጽዱ ዛፍ በላይ ካለው ከእኅቴ ቤት አድራለሁ፤ ሥሩ ከዚያ ቤት በላይ ነው። ዓርብ ረፋዱ ላይ እዚህ ነኝ» አሉኝ።

ያስፈራኝ ሥሩ አልነበረም፤ ኬላው ነበር። ከዳገቱ የሚወርደው መንገድ ከተማ ሲገባ በገመድ ተዘግቶ ጠባቂዎች ቆመውበታል። ወጪውም ገቢውም ይጠየቃል። «አያ፣ እነዚህ ልጆች ሲጠይቁት ዝም የሚል ሰው ደስ አይላቸውም» አልኋቸው።

«ቅጠሉን ያዩ የለም እንዴ?»

«ቢያዩትስ?»

«ቅጠል በጥርሱ የያዘ ሰው ምን እንደያዘ የማያውቅ የጎንደር ልጅ አለ? ፈረንጅ ነው እንዴ ያቆሙት!» ብለው ሳቁብኝ። ከልባቸው ነው የሳቁት። በዕድሜያቸው ሙሉ መንገድ ያልለቀቀላቸው ሰው አይተው አያውቁም።

ከኬላው ማዶ ሄጄ ልቀበላቸው አልቻልሁም፤ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል፣ እኔ ተከልክያለሁ። «እንግዲያስ ከገመዱ በዚህ ወገን ጠብቀኝ፣ ልብህ ከፈራ» አሉኝ። ከወፍጮው ሥር አንድ ጭብጥ ገብስ ዘግኜ ሰጠኋቸው፤ ለጉድጓዱ። በመሐረባቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ዓርብ ጧት ጉም ነበር፤ የሰኔ ጉም፣ ከዳገቱ ወርዶ ቤቱን ሁሉ የሚውጥ። ኬላው ስደርስ ገመዱ እንደ ወትሮው በሁለት በርሜል መካከል ተወጥሯል፤ ከጎኑ የአሸዋ ጆንያ ተደርድሯል። በዚያ ሳምንት ከዳገቱ በኩል ተተኩሶ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሞቶ ስለነበር የቀሩት እንቅልፍ አጥተው ዐይናቸው ፍም መስሏል። ባዩት ነገር ሁሉ ይደነግጣሉ። ከማዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና ባለ አህያዎች ተሰልፈው ይፈተሻሉ። እኔ በዚህ ወገን ከአንድ ጠላ ቤት ግድግዳ ሥር ቆምሁ።

ረፋዱ ላይ አማቴ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሁለቱንም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አግብተው፣ የግራዋ ቅጠል በጥርሳቸው ነክሰው፣ ቀስ ብለው መጡ። እኔ «ተመስገን» አልሁ።

ሰልፉ ላይ ያለው የደጋ ሰው አያቸው። ወዲያው ሴቶቹ እንጨታቸውን እንደተሸከሙ፣ ባለ አህያዎቹ አህያቸውን እየጎተቱ፣ ሁሉም ከመንገዱ ወርደው ፊታቸውን መለሱ። እንደ ደንቡ ነው። ጠባቂዎቹ ያዩት ግን ሌላ ነው። እጁን ጋቢው ውስጥ የደበቀ ሰው ይመጣል፤ ሕዝቡ ሁሉ ከእሱ ይሸሻል።

«ቦምብ!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

ጆንያው ላይ ተደፉ። የጠመንጃ ማቀባበል ድምፅ ተከታትሎ ተሰማ።

«ቁም!»

አማቴ ቆሙ።

«እጅ ወደ ላይ!»

እጃቸውን አላወጡም።

«የያዝከውን መሬት አስቀምጥ!»

ልጅን እንቢ እንደሚሉት፣ ሳይቆጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከመንገዱ ሥር አንዲት ሴት ፊቷን ሳትመልስ «ልጆቼ፣ መድኃኒት ነው! የወፍ መድኃኒት ነው የያዙ!» ብላ ተጣራች። ባለ አህያውም «አያን እኮ እናውቃቸዋለን!» አለ።

የኬላው አለቃ ከጆንያው በላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ከሌላ አውራጃ የመጣ ጎልማሳ ነበር። «ካወቃችሁት ምነው ሸሻችሁት?» አለ።

እንዴት አድርጎ ይነገራል? አንዱ ብቻ «ደንቡ ነው፣ ጓድ» አለ በቀጭን ድምፅ።

እኔ እጄን አንሥቼ ከግድግዳው ሥር ወጣሁ። «አማቴ ናቸው! ሚስቴ ታማብኝ ነው!» እያልሁ ጮህሁ። ጠመንጃው ግማሹ ወደ እኔ ዞረ። አለቃው በጣቱ ጠራኝ፤ በገመዱ ሥር ሾልኬ ቀረብሁ።

«ንገረውና ያስቀምጠው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ መሬት አይነካም፤ ከነካ መድኃኒቱ ይሽራል።»

«እሱ መሬት ካልነካ ሽማግሌው ይነካታል።»

አማቴ ይህን ሰሙ። ከዚያ በዐይናቸው ጠሩኝ። አለቃው «ሂድ፣ ቀስ ብለህ» አለኝና ሄድሁ። እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ፤ በቅጠል የተጠቀለለ፣ ከነአፈሩ፣ እርጥበቱ ያልለቀቀው ነገር ነው። በሁለት እጄ አስያዙኝ። ቀጥለው ቅጠሉን ከጥርሳቸው አውጥተው በእኔ ጥርስ መካከል አደረጉት። ምራቃቸው ገና አልደረቀም። ግራዋ እንዴት እንደሚመር ያን ጊዜ አወቅሁ። ሥሩ ወደ እኔ ሲያልፍ ዝምታውም አብሮ ወደ እኔ አለፈ።

«እፎይ!» አሉ አማቴ። «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ! ይህ ብርድ እንዴት አድርጎ ይዟችኋል? ደግሞ ሽማግሌ አያስደነግጡም እንዴ! ልቤ እግሬ ሥር ወርዳ ልትቀር!»

አንዱ ጠባቂ ሳይወድ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። አለቃው መጥቶ የጥቅሉን ጫፍ በሳንጃ ገለጥ አደረገ፤ አፈር አየ፣ ሥር አየ። ለእኔ «ሂድ» አለኝ። «እሱ ይቆይ፣ አንድ ሁለት ነገር እንጠይቀው።»

ሄድሁ። ወደ ኋላ አይዞርም። ከኋላዬ አማቴ ጧቱን ሙሉ የታፈነውን ወሬያቸውን ለቀቁት። ስለ ልጃቸው ነገሯቸው፣ ስለ ጉሙ፣ መንገድ ላይ ስላዳለጣቸው ድንጋይ። ጠባቂዎቹ ይስቃሉ። ገመዱን አልፌ ጥቂት እንደተራመድሁ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

«አሁንስ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትደነግጡ? ዛሬ ጧት እንኳ ከጽዱ በላይ ያገኘኋቸው ልጆች፣ እነሱም ጠመንጃ አላቸው፣ ቅጠሉን ሲያዩ ጊዜ ዝቅ ብለው መንገዱን ለቀቁልኝ። ጨዋ ልጆች!»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ የአለቃው ድምፅ መጣ፤ እስካሁን «አንተ» ሲላቸው የነበረው ሰው ድምፁን አለስልሶ፣ «የት ነው አሉኝ አባት? እስቲ ይቀመጡ፣ ድንጋዩ ላይ አረፍ ይበሉ» አላቸው።

ያን ማለስለስ ስሰማ ወጥመዱ ገባኝ። ዞሬ «አያ፣ በቃ!» ብል ይሰሙኛል፤ ሩቅ አልነበርሁም። ቅጠሉ ግን በጥርሴ መካከል ነው፤ ሥሩም በእጄ ነው፤ ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። አንድ እግሬን ሳነሣ አንዱ እንቢ እያለኝ፣ ምራቄን ከነምሬቱ እየዋጥሁ ሄድሁ። ዛሬም ድረስ ግራዋ ሲሸተኝ የሚታወሰኝ ያቺ መንገድ ናት።

ከቤታችን መታጠፊያ የቀበሌው ዘበኛ ተቀምጧል። ወፍጮ ቤት ስለሚመላለስ ያውቀኛል። «ባለ ወፍጮ! ምነው ዛሬ ቅጠል በላህ? ዱቄቱ ሰለቸህ?» አለኝ። አለፍሁት። «እያናገርኩህ ነው እኮ! በግ ሆነህ ነው የምትሄድ?» ጠመንጃውን ሲያነሣ ሰማሁ። ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ከአሁን አሁን እያልሁ መራመዴን ቀጠልሁ። ከኋላዬ «ሂድ እሺ፣ ብላ! ነገ ደግሞ ጭድ እናመጣልሃለን!» አለና ብቻውን ሳቀ።

ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ጥቅሉን ተቀበለችኝ፤ ቅጠሉን ከአፌ አውጥቼ የበሩ መድረክ ላይ ጣልሁት። ሥሩን አጥባ፣ ወቅጣ፣ በጨርቅ አጥልላ በዋንጫ ሰጠቻት። ባለቤቴ ዐይኗን ጨፍና ጠጣችው። እስክትጨርስ አጠገቧ ቆሜ ጠበቅሁ።

«አባዬስ?» አለችኝ አፏን እየጠረገች።

«ኬላው ላይ ወሬ ይዘዋል።»

«አይ አባዬ! እንግዲህ ማን ያስጥለዋል!» ብላ ሳቀች፤ ጎረቤታችንም ሳቀች። እኔ በሩጫ ወጣሁ።

ስመለስ ጉሙ ተገፎ ነበር። ከገመዱ አጠገብ አንድ ላንድሮቨር ማኪና ቆሟል። የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ከአማቴ ፊት ቆሞ ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ሳይ ነገሩ እንደገባቸው አወቅሁ፤ ያ ሁሉ ጨዋታ ከላዩ ላይ ታጥቧል። ሰውዬው «ከጽዱ በላይ ብለዋል። የትኛው ጽድ ነው? ከላዩ ያለው ቤት የማን ነው? ሌሊቱን የት ነው ያደሩት?» ይላል። አማቴ መሬት መሬቱን ያያሉ። ከጽዱ በላይ ያለው ቤት የእኅታቸው ቤት ነው። ባሏ ሞቶባት ከልጆቿ ጋር ነበር የምትኖር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲቃጠል ጭሱ ከከተማ ይታይ ነበር።

አማቴ ቀና ሲሉ አዩኝ። የሚጠይቃቸውን ሰው ትተው፣ «ደረሰ?» አሉኝ።

«ደረሰ፣ አያ።»

«ጠጣች?»

«ጠጣች።»

«ሁሉንም? አላስመለሳትም?»

«ሁሉንም። አላስመለሳትም። ስቃብዎታለች እንዲያውም።»

«ይሁን» አሉ፤ ከንፈራቸው ትንሽ ፈገግ አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ለእናቷም ንገርልኝ።»

ከዚያ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጃቸውን ወደ መንገዱ ዳር ዘረጉ። እዚያ አቧራ የለበሰ የግራዋ ቁጥቋጦ ነበር። አንድ ቅጠል ቀጠፉ፤ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና በጥርሳቸው ያዙት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ባለ ቆዳ ጃኬቱ። ወደ አለቃው ዞሮ «ምን እያደረገ ነው?» አለው። አለቃው ዐይኑን ወደ ገመዱ መለሰ። ሰውዬው እየጮኸ ደጋግሞ ጠየቃቸው። በጥፊ መታቸው፤ ቅጠሉ አልወደቀም። ሁለት ሰዎች ብብታቸውን ይዘው አስነሧቸው፤ ሥሩን ይዘው ሲመጡ እንደሚራመዱት ነበር የተራመዱት፣ ቀስ ብለው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

ሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች አዩ። አንዷ ከነሸክሟ ከመንገዱ ወረደች። ሌሎቹም ተከተሏት። ባለ አህያዎቹም ወረዱ። ፊታቸውን ወደ ማሳው መልሰው ቆሙ። ማንም አላለቀሰም። ማኪናዋ ተነሥታ፣ ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ አንድም ሰው ወደ መንገዱ አልተመለሰም።

ስንቅ ይዘን ወህኒ ቤቱ በር ተመላለስን። አማቴን እናውቃቸዋለን የሚል ዘበኛ ጠፋ። አንድ ቀን አንዱ የያዝሁትን አገልግል አየና፣ «ይዘህ ተመለስ፣ ከእንግዲህ አታምጣ» አለኝ። በዚያን ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይተረጎምም ነበር። ለባለቤቴ የነገርኋት ከወለደች በኋላ ነው፤ ያወቀችው ግን ቀድማ ነበር። አገልግሉ ሳይከፈት ሲመለስ አይታለች።

ዐይኗ ቀስ በቀስ ጠራ። በነሐሴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሥሩ ይሁን ያዳናት፣ ዕረፍቱ ይሁን፣ የፈጠራት አምላክ ይሁን አልፈርድም። ሰው ሲጠይቀኝ የማውቀውን ብቻ እነግራለሁ፤ ጠጣች፣ ዳነች።

በመስከረም እንደ ምንም ብዬ ይለፍ አገኘሁና ወደ ዳገቱ ወጣሁ። የአማቴ እኅት ቤት እንደቆመ ነው። ሣሩ ክዳን ላይ አንዲት ዶሮ ወጥታ ትጭራለች። «ማንም አልመጣብን» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «ቀን ከሌት ጠበቅን። ማንም አልመጣ።»

የወንድሟን መንገድ በእጇ አሳየችኝ። ከቤቱ በላይ ቁልቁለቱ ላይ ብዙ ዓይነት ቅጠል አለ፤ እሾሃም፣ ለስላሳ፣ ነጭ የሚያብብ፣ ሐረግ። የትኛው እንደሆነ ልለይ አጎንብሼ ዞርሁ። ታላቅ ልጃቸውም አላወቀው፤ ገና አላሳዩትም ነበር። ይዤው የሄድሁት እኔም ጥቅሉን አልከፈትሁት፤ ለመክፈት የተፈቀደ አልነበረም። የወቀጠችው ጎረቤታችን ያየችው ሥር ብቻ ነው፤ ከሥር ደግሞ ቅጠሉ አይታወቅ። ያ መድኃኒት እዚያው ፊቴ እየበቀለ፣ እኔ እየረገጥሁት ይሆናል የሄድሁ።

ልመለስ ስል ከቁጥቋጦዎቹ መካከል፣ ማንም ገበሬ ሊዘራበት ከማይችል ድንጋያማ ቦታ፣ አንድ እቅፍ ገብስ ቆሞ አየሁ። አሽቷል። የወፍጮ ቤቱ ገብስ ነው። መድኃኒቱ የተነቀለበት ጉድጓድ ከገብሱ ግርጌ ነበር፤ ተክሉን ከነሥሩ ስለነቀሉት እዚያ ከገብሱ በቀር የበቀለ ነገር የለም። ቁጭ ብዬ ቆየሁ። አልነካሁትም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ልጅቱን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«አገኘኸው?» አለችኝ።

«ገብሱን አገኘሁት» አልኋት።